የስፔሻሊስቱ መድኃኒት

የእህቴ ባል ሐኪም አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሆስፒታላችን ውስጥ ያየው ሰው ሁሉ ስለሚሳሳት ነው። ነጭ ጋውን ይለብሳል። በደረት ኪሱ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል። ሐኪሞቹ ማዳመጫ በሚያንጠለጥሉበት አንገት ላይ እሱ በሰማያዊ ገመድ የታሰረች ፍላሽ ያንጠለጥላል። ኮሪደር ላይ በሽተኞች ከአግዳሚው እየተነሱ እጅ ሲነሱት "ኧረ ተቀመጡ፣ ተቀመጡ" ይላል እንጂ "እኔ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ" ብሎ አያውቅም። ነርሶቹ ሊያሾፉበት "ስፔሻሊስቱ" የሚል ስም አወጡለት። እሱ ሹመት መሰለውና ራሱ አትሞ የቢሮው በር ላይ ለጠፈው።

ወደ ቤታችን የመጣው የአባታችንን ቴሌቪዥን ሊሠራ ነበር። ያን ጊዜ ገበያ ዳር በቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ሰዓትና ሬዲዮ ይጠግናል። ቴሌቪዥኑን ፈታታው፣ አቧራውን እፍ አለው፣ መልሶ ገጠመው፣ አልሠራም። ተናደደና በጎኑ በኩል በጥፊ አጮለው። ምስሉ መጣ። አባታችን "እጅህ ይባረክ" አሉት፤ ታናሽ እህቴ በር ላይ ቆማ ትስቃለች። ሁለቱም ልብ ያላሉትን እኔ ልብ አልኩ። ዕቃውን እየሰበሰበ ለአባታችን "የውስጥ ሰርኪዩቱን ነው ያስተካከልኩት" አላቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል፤ ሰውዬው የሠራው ሥራ ግን ያው ነው። በጥፊ ይመታል፣ ከሠራለት ያብራራል።

እህቴን አገባ። የስድስት ሳምንት ኮርስ ወስዶ የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አስገባው። አንድ ቀን የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ላፕቶፕ እምቢ ሲል ጠርተውት አጥፍቶ አበራላቸው፤ ሥራ ተሰጠው። ይህን ሁሉ ያገኘው ሰውን ስላታለለ ብቻ አይደለም። የሚታለል ሰውም እጥረት ስለሌለ ነው።

እኔ እዚያው ሆስፒታል የልደት መዝገብ ክፍል ነው የምሠራው። ምድር ቤት ያለው መጋዘን ውስጥ የሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ያለ ተራ ተከምሮ እርጥበት ይበላው ነበር። አንድ በአንድ እያወጣሁ ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩት። አራት ዓመት ፈጀብኝ። ገጾቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው በቢላዋ ጫፍ የማላቅቅባቸው ቀናት ነበሩ። ዳይሬክተሩ መጋዘኑን ለሌላ ሥራ ስለፈለጉት፣ ተገልብጦ ያለቀው መዝገብ በየጊዜው እየተጫነ ወደ ወረቀት ፋብሪካ እንዲሄድ አዘው ነበር። ፋብሪካው ያቦካውና ካርቶን ያደርገዋል። ስለዚህ እኔ ከገለበጥኩ በኋላ መዝገብ የሚባለው ነገር ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

በእነዚህ ዓመታት በአንድ ነገር እኮራ ነበር። መስኮቴ ላይ ለመጣ ሰው "ሲስተም የለም" ብዬ አላውቅም። ይህችን አባባል እንዴት እንደምንቃት! ሰው ከሩቅ መጥቶ፣ ተሰልፎ፣ ተራው ሲደርስ፣ ወዲያ ማዶ የተቀመጠችው ስልኳን ከመነካካት ቀና እንኳ ሳትል "ሲስተም የለም" ትለዋለች። አበቃ። ሲስተሙ የት ሄደ፣ ማን አጠፋው፣ መቼ ይመለሳል ብሎ የሚሟገት የለም። ስንፍናም፣ ጥፋትም፣ ውሸትም እዚያች ሥር ይደበቃል። እኔ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ በእጄ ጽፌ ነው ሰው የሸኘሁት።

በተለይ አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ እማማ ነው የምላቸው። በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ወስደው ወደ እኔ መስኮት ይመጣሉ። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት እዚሁ ሆስፒታል ሴት ልጅ ወልደዋል። በቀዶ ጥገና ነበር፤ ሲነቁ ትኩሳት ላይ ስለነበሩ ልጅቷን ለአፍታ ብቻ አሳዩአቸው። ስሟን ለነርሷ ነገሩ፤ ነርሷ መዝገብ ላይ ጻፈች። በሁለተኛው ቀን ልጅቷ ሞተች።

"ፎቶ የለኝ፣ ልብስ የለኝ" ይሉኛል። "አባቷም ሞቷል። ነበረች ብሎ የሚመሰክርልኝ ሰው የለም፣ ልጄ። አንዳንዴ በሕልሜ ይሆን የወለድኳት እላለሁ። ስሟ ተጽፎ ያለው እናንተ ጋ ብቻ ነው። ስንት ሰዓት እንደተወለደች እንኳ አላውቅም።"

የሚፈልጉት ስሟና የተወለደችበት ሰዓት ያለበት አንድ ወረቀት ነው። ችግሩ የዚያ ዓመት መዝገብ ከክምሩ ውስጥ አልወጣም ነበር። "አገኘዋለሁ እማማ፣ የሚቀረኝ ክምር ትንሽ ነው" እላቸዋለሁ። "ግድ የለም፣ እጠብቃለሁ" ብለው ይሄዳሉ። ሦስት ዓመት እንደዚህ ተመላለሱ።

አሁን ወደ ፍላሿ ልመለስ። ስፔሻሊስቱ "መድኃኒቱ" ይላታል። ውስጧ ያለው ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ቁልፉ ተሰብሮ የተሰረቀ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። ከጓደኛው ገለበጠው፤ ጓደኛው ከማን እንደገለበጠው ፈጣሪ ይወቅ። ኮምፒውተር ቀስ ቢል፣ ማውሱ ቢበላሽ፣ ማተሚያው ወረቀት ቢያኝክ ሕክምናው አንድ ነው። ፎርማት ያደርገውና መድኃኒቱን ይጭንበታል። ለዳይሬክተሩ ግን ኦሪጅናል ነው ብሎ አስፈርሟቸዋል።

የተሰረቀ ሲስተም ደግሞ አመል አለው። አፕዴት ሲደረግ ከአምራቹ ጋር ይገናኛል፤ ያን ጊዜ ስክሪኑ ላይ "ይህ ቅጂ ሕጋዊ አይደለም" የሚል ጽሑፍ ይወጣል። በዳይሬክተሩም ስክሪን ላይ ጭምር። ስለዚህ ስፔሻሊስታችን መጀመሪያ አንቲቫይረሱን ያጠፋል፣ ክራኩን ስለሚይዝበት። ቀጥሎ አፕዴቱን ይዘጋል። እንዲህ እያለ በሆስፒታሉ ውስጥ ያሉትን ኮምፒውተሮች አንድ ሳያስቀር ጥበቃቸውን ገፈፋቸው። በየጠረጴዛው ላይም በፕላስቲክ የታሸገች ካርድ አስቀመጠ፤ "ቀይ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ አትደንግጡ፤ 'ቀጥል' የሚለውን ተጫኑ። አፕዴት ሲል 'ሌላ ጊዜ' በሉት" ትላለች። ከሥሯ ፊርማውም አለ።

የልደት መዝገቡ የሚከፈተው በብራውዘር ነው። ብራውዘሩ ኦፕን ሶርስ ከሚባሉት ወገን ነው፤ ኮዱ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው፣ የፈለገ ያነበዋል፣ ስሕተት ያገኘ ይናገራል፣ የቻለ ያርማል። አንድ ቀን ጠዋት ስከፍተው ማስታወቂያ አወጣ። አደገኛ ቀዳዳ ተገኝቷል፣ ደፍነነዋል፣ አዲሱን ቅጂ ዛሬውኑ ጫኑ ይላል። ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ሌባ በዚያ ቀዳዳ ገብቶ የኮምፒውተሩን ፋይል ሁሉ መቆለፍ ይችላል። አዲሱ ቅጂ ደግሞ ባልታደሰ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ አይጫንም። አተምኩትና ይዤለት ሄድኩ።

እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ አገኘሁት።

"እትዬ፣ አንቺ ደግሞ የተጻፈ ሁሉ እውነት ይመስልሻል" አለኝ።

"ቀዳዳ አለ ነው የሚሉት።"

"አየሽ! በአፋቸው አመኑ። በነጻ የሚታደል ነገር ጣጣው ይሄ ነው። ኮዱን ሜዳ ላይ ዘርግተውት ሌባ ሁሉ ያነበዋል።"

"ሌባ ካነበበው ጠባቂም ያነበዋል። ያገኙት እነሱ፣ የደፈኑት እነሱ፣ የነገሩን እነሱ። ያንተስ ሲስተም ቀዳዳ የለውም?"

"የኔ" አለና ፍላሿን ዳበስ ዳበስ አደረጋት፤ "የኔ ኦሪጅናል ነው።"

ዓይኑን በጨው አጥቦ! የሰጡትን ሰዎች ይጠረጥራል፤ የሰረቀውን ግን እንደ ልጁ አቅፎ ይዞራል።

"እሺ፣ መዝገቡ አንድ ነገር ቢሆን መጠባበቂያ አለ?"

"ባክአፕማ አለ። ዲ ላይ።"

ዲ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ፣ እዚያው ዲስክ ላይ ያለ ሌላ ክፍል ነው። የቤትሽን መለዋወጫ ቁልፍ ቤት ውስጥ አስቀምጠሽ በሩን ዘግተሽ እንደመውጣት ማለት ነው። ይህንንም ነገርኩት። ሳቀብኝ። "ዳይሬክተሩ ጋ እሄዳለሁ" ብዬው ወጣሁ፤ በዚያው ከሰዓት ከቤት ፍላሽ አምጥቼ መዝገቡን በሙሉ ገለበጥኩና መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት እህቴ መጣች። ወንበር ሳብ አድርጌላት ሳትቀመጥ አለቀሰች።

"እታለም፣ ዳይሬክተሩ ጋ ልትሄጂ ነው?"

"ሰውዬሽ ሆስፒታሉን ገደል ሊከተው ነው።"

"እሱ ከባድ ሰው አይደለም፤ አንቺም ታውቂያለሽ። ያለው ነገር ያ ጋውን ብቻ ነው። ሰው ሲነሳለት ነው ቀና ብሎ የሚሄደው። ያን ከወሰድሽበት እቤት ምን ይዞ ይገባል? በናትሽ፣ ለኔ ስትይ።"

አልኳት፣ አልኳት፣ በመጨረሻ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። እንደዚያ ስል እንደ ደግ ታላቅ እህት ነበር የተሰማኝ። ስፔሻሊስቱ ሳምንት ሳይሞላ በየክፍሉ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ "ለደህንነት ሲባል የግል ፍላሽ መሰካት በጥብቅ የተከለከለ ነው።" ይህን የለጠፈው ፍላሽ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነው። እኔም ክልከላውን አከበርኩ፤ ዳግመኛ አልገለበጥኩም። የከለከለኝ እሱ ነው እላለሁ፤ ግን ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፣ ማንም አያየኝም ነበር። ከእህቴ ጋር ሌላ ንግግር ላለመክፈት ነው የተውኩት።

ሰባት ወር አለፈ። አምስት መዝገብ ገለበጥኩ። አምስተኛው የመጨረሻው ነበር፤ ከክምሩ ሥር፣ በተሰበረ የሕፃናት ሚዛን ተጨፍልቆ ነው ያገኘሁት። ሽፋኑን በእጅጌዬ ጠርጌ ዓመቱን አነበብኩ። የእማማ ዓመት ነው።

ሐሙስ ዕለት ደረስኩባት። ገጹ መሐል ላይ፣ በሚያምር የነርስ እጅ ጽሑፍ፣ ስሟ ልክ እማማ እንደሚሉት ተጽፏል። ሴት። ሁለት ኪሎ ከአንድ መቶ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአስር ደቂቃ። ጠርዙ ላይ በሌላ ቀለም የሞተችበት ቀንና አንዲት አጭር ቃል። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም፣ ማንም አልነበረም። ፊደል በፊደል ገለበጥኳት።

ያኔውኑ አትሜ ማስቀመጥ እችል ነበር። ግን ማኅተምና የዳይሬክተሩ ፊርማ የሌለው ወረቀት ምን ያደርጋል አልኩ፤ ዳይሬክተሩ ደግሞ ሰኞ ነው የሚገቡት። ሰኞ የወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ነው። ጠዋት አስፈርሜ፣ ማኅተሙ ሳይደርቅ በእጃቸው ላስይዛቸው ወሰንኩ። ዓርብ የወረቀት ፋብሪካው መኪና መጣ። መዝገቡን ለጫኞቹ ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

በዚያው ዓርብ ከሰዓት የፋርማሲዋ ልጅ በቢሮ ኮምፒውተር ጫማ ስታይ አንድ ገጽ ከፈተች። ብራውዘሩ ቀይ ማስጠንቀቂያ አወጣባት። ደነገጠች፤ ካርዷን አየች፤ "ቀጥል" የሚለውን ተጫነች። በኋላ ስታለቅስ "ካርዱ ያለውን ነው ያደረግሁት" ትል ነበር። እውነቷን ነው።

ኮምፒውተሮቹ ሁሉ በአንድ መስመር የተያያዙ ናቸው፤ ሰኞ ጠዋት በሆስፒታሉ ያለው ስክሪን ሁሉ ጥቁር ሆኖ ጠበቀን። መሐሉ ላይ ፋይሎቻችሁ ተቆልፈዋል፣ ማስከፈት ከፈለጋችሁ ክፈሉ የሚል ጽሑፍ አለ። ዘበኛው ሰዉን ሁሉ ከበር መለሰ፤ እማማንም ጭምር። ስፔሻሊስቱ ጋውኑን እያውለበለበ መጣ። እኔ ክፍል ገባ፣ ስክሪኑን አየ፣ ከንፈሩን ነከሰ፣ ከዚያ በጎኑ በኩል በጥፊ አጮለው። እውነቴን ነው። አንድ ጊዜ፣ ትንሽ ጠብቆ ደግሞ ሌላ። ምስሉ አልተለወጠም። "ዲ ላይ አለ፣ ዲ ላይ አለ" እያለ ሲቀባዥር ዲም ተቆልፎ አገኘው። ያን ጊዜ የፊቱን መገርጣት ሳይ ደስ አለኝ፤ ወዲያው የእማማ ልጅ ትዝ አለችኝና ቅስሜ ተሰበረ።

ዳይሬክተሩ ፊት ሲቀርብ ግን አፉ ተመልሶለት ነበር። "ክቡር ዳይሬክተር፣ የነጻው ብራውዘር ጣጣ ነው። እኔ ከመጀመሪያውም ብያለሁ።"

ከዋናው መሥሪያ ቤት አንዲት ባለሙያ ተላከች። ጋውን የላት፣ ማዕረግ የላት፤ የሸራ ቦርሳ ይዛ መጥታ ሁለት ቀን ከኮምፒውተሮቹ ጋር ተፋጠጠች። በሁለተኛው ቀን ወደ ክፍሌ መጣች።

"ቀዳዳ የሌለው ሶፍትዌር የለም" አለችኝ። "እነዚህኞቹ ግን አግኝተው፣ ደፍነው፣ ከሰባት ወር በፊት ነግረዋችኋል። በሩን ከፍቶ ያሳደረው የእናንተ የተሰረቀ ሲስተም ነው። ማስታወቂያውን ያየ ሰው አልነበረም?"

"አይቼዋለሁ" አልኳት።

"ታውቂ ነበር?"

እኔ የእህቴን ባል በማይበት ዓይን ለረጅም ጊዜ አየችኝና ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ሪፖርቷን ዳይሬክተሩ አንብበው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ኦሪጅናል ነው በሚለው ወረቀት ላይ የእሳቸውም ፊርማ አለበታ! ሪፖርቱ ከወጣ ሁለቱም ናቸው የሚሄዱት። ስለዚህ ጥፋተኛው ነጻው ብራውዘር ሆኖ ቀረ፤ ብራውዘር ደግሞ ቆሞ አይከራከርም። በዚህ መሐል እህቴ ደወለች፤ የመዝገቡ ቅጂ መሳቢያዬ ውስጥ እንዳለ ስነግራት ፍላሿን ለባሏ እንድሰጠው ለመነችኝ። ሰጠሁት። ከመጨረሻዎቹ አምስት መዝገቦች በቀር ሁሉም ተመለሰ።

በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ዳይሬክተሩ ተነሥተው "በስፔሻሊስታችን ቅድመ ጥንቃቄ መዝገባችን በአብዛኛው ተርፏል፤ የጎደለው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም" አሉ። የምስክር ወረቀት ሰጡት። ደረቱን ነፍቶ ተቀበለ። እህቴ ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ አዲስ ሻርፕ ለብሳ፣ በኩራት ታለቅሳለች። ጎኔ ያለችው ነርስ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። እኔም አጨበጨብኩ።

የሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ሰኞ ደረሰ። ስፔሻሊስቱ እኔ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ኮምፒውተሬን ፎርማት አድርጎ ከዚያችው ሰማያዊ ገመድ ላይ መድኃኒቱን እየጫነልኝ ነው። አንቲቫይረሱን አጠፋ፣ አፕዴቱን ዘጋ። እኔ እያየሁ። እማማ የመድኃኒት ፌስታላቸውን ይዘው መስኮቱ ላይ ብቅ አሉ።

"ልጄ፣ ተገኘች?"

ሁሉም ምላሴ ላይ ነበር። ስሟን አይቻለሁ እማማ፣ በሕልምዎ አይደለም፣ ሁለት ኪሎ ከአንድ መቶ ነበረች። ግን አየሁት ካልኩ የት ደረሰ ይሉኛል። ጠፋ ካልኩ ማን አጠፋው ይላሉ። ከኋላዬ የኪቦርዱ ድምፅ ቆሟል፤ ስፔሻሊስቱ እጁን አንሥቶ እያዳመጠ ነው። የእህቴ ሻርፕ ታየኝ። የገዛ ፊርማዬ የትም የለም፤ ማንም እኔን አይጠይቀኝም።

"እማማ" አልኩ፣ "ሲስተም የለም።"

"መቼ ይመጣል?"

"አይታወቅም።"

"ግድ የለም፣ እጠብቃለሁ" አሉና ማዶ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

ስፔሻሊስቱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "እንደሱ ነው እንጂ፣ እትዬ!" አለኝ። ከተዋወቅን ጀምሮ በአንድ ነገር ስንስማማ የመጀመሪያችን ነበር።

እማማ እስከ ምሳ ሰዓት ተቀምጠው ሄዱ። ከዚያ ወዲህም በየወሩ ይመጣሉ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአስር ደቂቃ ነው የተወለደችው። እስካሁን አልነገርኳቸውም።